አፍ ያለው ወይስ ክንድ ያለው?

በአገራችን መሐመድ ዓሊን መንካት የንብ ቀፎ ውስጥ እጅ እንደ መክተት ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ስለዚህ አንባቢያን ሆይ፣ መውጊያችሁን አዘጋጁ፤ ብቻ ከመውጋታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ነገሩ የተነሳው ጸጉር ቤት ነው። ጸጉሬን የሚያስተካክለኝ ወጣት ከመስተዋቱ በላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ለጥፏል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓሊ በ1965 ሶኒ ሊስተንን ዘርሮ፣ ከበላዩ ቆሞ፣ ቀኝ ክንዱን በደረቱ ላይ አጥፎ «ተነስ!» እያለ የሚጮኽበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

«ለመሆኑ ይህን ሰውዬ መትቶ የጣለው ሰው አለ?» አልኩት።

«ማንን? ዓሊን?» ብሎ ሳቀ። «ማን ደፍሮ!»

ወረፋ የሚጠብቁትም አብረውት ሳቁ። «ጆ ፍሬዘር ጥሎታል» አልኩ።

«እሱ ደግሞ ማነው?» አለ አንዱ።

«ያ ጎሪላው ነዋ!» ብሎ ሌላው መለሰለት።

ሳቁ እንደገና ደራ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ምክንያቱም ያንን ቃል እኔ ራሴ በጋዜጣ ላይ አትሜዋለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዓሊ በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው) ሲሞት፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከየጋዜጣው በር በር የምዞር ልጅ ነበርኩ። ዓለም ሁሉ ስለ ዓሊ ይጽፋል፤ እኔም ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ውዳሴ። ርዕሱን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል፤ «ጎሪላውን የዘረረው ንጉሥ» የሚል ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ርዕሱን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። እንዲያውም ኮርቼበት ነበር።

በወጣ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። የአዛውንት ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ስለ ቡጢ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎን ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምስጋና ሊመጣልኝ ነው ብዬ።

«ግሩም ነው። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ዓሊ ፍሬዘርን የዘረረው መቼ ነው?»

ዝም አልኩ። በአእምሮዬ ፎቶግራፎች ፈለግኩ፤ ፊልም ፈለግኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። «በማኒላ ይመስለኛል ጋሼ...» አልኩ እየተንተባተብኩ።

«ይመስለኛል ተብሎ ይጻፋል እንዴ? እስቲ ተመልከትና ሌላ ቀን ትነግረኛለህ። ስድቡን ተወው፤ ስድቡ የአንተ አይደለም፣ ከሰውዬው አፍ የወሰድከው ነው። ግሱ ግን የአንተ ነው።»

ስማቸውን ጠየቅኳቸው። «ስሜ ምን ያደርግልሃል? እኔም በዘመኔ ቡጢኛ ነበርኩ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ቁጥራቸውን መዝግቤ አላስቀረሁም። ዛሬ ይህን የምጽፈው ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከመሐመድ ዓሊና ከጆ ፍሬዘር የተሻለው ቡጢኛ ማን ነበር? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ጆ ፍሬዘር። የበለጠ ዝነኛው፣ የበለጠ መልከ መልካሙ፣ የበለጠ አንደበተ ርቱዑ ማን ነበር አላልኩም። በታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ማነው ብትሉኝም ሳላቅማማ ዓሊ ነው እላለሁ። እኔ የምጠይቀው ስለ ቡጢ ብቻ ነው። ደወሉ ተደውሎ፣ አጫፋሪው ሁሉ ከመድረክ ወርዶ፣ ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን ሲቀሩ ማን ይበልጣል ነው ጥያቄው።

ከሥሩ እንጀምር። ሁለቱም የኦሊምፒክ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ የእኛው የአበበ ቢቂላ ዘመንተኞች ናቸው። አበበ በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ያኔ ካሺየስ ክሌይ ይባል የነበረው የ18 ዓመቱ ዓሊ በዚያው ከተማ የወርቅ ሜዳሊያ ወስዶ ነበር። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ ድሉን ሲደግመው ደግሞ፣ ፍሬዘር በከባድ ሚዛን ወርቅ ወሰደ። ፍሬዘር ወደ ቶኪዮ የሄደው በተጠባባቂነት ነው። በማጣሪያው ያሸነፈው በስተር ማቲስ እጁን ሲጎዳ «በል አንተ ሂድ» ተባለ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ የግራ አውራ ጣቱ ተሰበረ። ለማንም ሳይናገር በተሰበረው ጣቱ ፍጻሜውን ተጋጥሞ አሸነፈ። አሜሪካ በዚያ ኦሊምፒክ በቡጢ ያገኘችው ወርቅ ያ ብቻ ነው። ስለ አበበ የትርፍ አንጀት ለልጆቻችን እንነግራለን፤ ስለ ፍሬዘር አውራ ጣት ግን የሚያውቅ የለም።

ዓሊ የሉዊቪል ከተማ ልጅ ነው። አባቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ ነበሩ። ሀብታም አልነበሩም፤ ግን ከችጋር ጋር የሚተዋወቁ ሰዎችም አልነበሩም። ፍሬዘር ግን በደቡብ ካሮላይና ቦፈርት በተባለ አገር የተወለደ የገጠር ልጅ ነው። አባቱ አንድ እጃቸውን ያጡ ገበሬ ነበሩ። ልጁ በሕፃንነቱ ከአሳማ ሲሸሽ ወድቆ የግራ ክንዱ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ ያ ክንድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አያውቅም። በ15 ዓመቱ ቤቱን ትቶ ወደ ሰሜን ተሰደደ። ፊላደልፊያ ላይ ቄራ ተቀጠረ። ቡጢ ቤት የገባውም ሻምፒዮን እሆናለሁ ብሎ ሳይሆን ውፍረቱን ለመቀነስ ነበር። ያ የማይዘረጋ የግራ ክንድ ታዲያ ከጎን ተወርውሮ የሚመጣ፣ ፈረንጆቹ «ሁክ» የሚሉት ቡጢ መወርወሪያ ሆነ። ጎደሎውን መሣሪያው አደረገው። አሠልጣኙ ያንክ ደርሃም «ጓንትህን አጭሰው» እያሉ ስለሚገፋፉት «ስሞኪን ጆ» የሚለው ስም ተከተለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1967 ዓሊ በቬትናም ጦርነት አልዘምትም አለ። ቀበቶውን ተነጠቀ፣ የመጋጠም ፈቃዱን ተቀማ፣ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ ብሎ ከእስር ውጭ ቢቆይም ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቡጢ ሳይሰነዝር ኖረ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ዓሊን ከስፖርተኛ በላይ ያደረገውም ይኸው ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያ ክፉ ዘመን ፍሬዘር ምን አደረገ? የተነጠቀውን ቀበቶ ለመከፋፈል የተዘጋጀውን የማጣሪያ ውድድር አልገባም አለ። ለዓሊ ገንዘብ ሰጠው። ፈቃዱ እንዲመለስለት ለባለሥልጣናት ተናገረ። ተፎካካሪው ገበያ ሲጠፋበት አብሮ ያልተደሰተ ሰው ነበር።

በመጨረሻም መጋቢት 8 ቀን 1971 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ተገናኙ። ዓሊ 31 ጊዜ ተጋጥሞ 31 ጊዜ ያሸነፈ፤ ፍሬዘር 26 ጊዜ ተጋጥሞ 26 ጊዜ ያሸነፈ። ሁለቱም ሽንፈት የማያውቁ፣ ሁለቱም የሻምፒዮንነት መብት ያላቸው። ለእያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተቆረጠላቸው፤ በዚያ ዘመን ተሰምቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። ፍራንክ ሲናትራ ያህል ሰው ከመድረኩ አጠገብ ለመገኘት ሲል ለመጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ነው የገባው።

ቁመታቸውን እንይ። ዓሊ 1.91 ሜትር፤ ፍሬዘር 1.82። የክንዳቸው ዝርጋታ፣ ዓሊ 1.98 ሜትር፤ ፍሬዘር 1.85። በሌላ አነጋገር ዓሊ ከሩቅ ሆኖ ሊመታው ይችላል፤ ፍሬዘር ግን ለመምታት የግድ መጠጋት፣ ለመጠጋት ደግሞ የግድ መመታት አለበት። አጭር ሰው ከረጅም ሰው ጋር ሲጋጠም የሚከፍለው ቀረጥ ይኸው ነው። አማካሪው ኤዲ ፉች አንድ ነገር አይተው ነበር። ዓሊ ከታች ወደ ላይ በቀኙ ሲመታ እጁን ዝቅ ያደርጋል፤ በዚያች ቅጽበት የቀኝ አገጩ ባዶ ይቀራል። ፍሬዘር ጎንበስ ቀና እያለ፣ ዓሊን ወደ ታች እንዲመታ እያስገደደ፣ ያችን ቅጽበት 15 ዙር ሙሉ ጠበቃት። በ11ኛው ዙር ዓሊን አንገዳገደው። በ15ኛውና በመጨረሻው ዙር ያ የግራ ቡጢ መጣ፤ ዓሊም በጀርባው ወደቀ። ዓሊ መነሳቱ ያስመሰግነዋል፤ ሌላ ሰው ቢሆን አይነሳም ነበር። ፍርዱ ግን አንድ ድምፅ ነበር። የመድረኩ ዳኛ 8 ለ 6 ሲሉ አንዱን ዙር እኩል አደረጉት፤ ሁለቱ ነጥብ ሰጪዎች 9 ለ 6 እና 11 ለ 4 አሉ። ሦስቱም ለፍሬዘር።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ እጃቸውን እንደሚያወጡ አውቃለሁ።

«ዓሊ ዝጎ ነበር፤ ሦስት ዓመት ተኩል ተቀምጦ ነው የመጣው» ይላሉ። እውነትነት አለው። የ1967ቱ ዓሊ እግሩ እንደ ዳንሰኛ ነበር፤ በ1971 እግሩ ከብዶታል። ነገር ግን ከዚያ ምሽት በፊት ከጄሪ ኳሪና ከኦስካር ቦናቬና ጋር ተጋጥሞ ሁለቱንም አሸንፏል። ዕድሜው 29 ነበር። ከግጥሚያው በፊት «አልበቃሁም፣ ጊዜ ስጡኝ» ሲል ማንም አልሰማውም፤ የተሰማው ፍሬዘርን እንዴት እንደሚጥለው ሲተነብይ ነው። ከሽንፈት በኋላ የሚወጣ ሰበብ፣ ሠርግ ካለፈ በኋላ እንደሚመጣ ሙሽራ ነው።

«ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን አሸንፏል፤ 2 ለ 1 ነው» ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ሂሳብ አልክድም። ግን ሂሳቡ ውስጥ ያለውን ሰው እንመልከተው። ሁለተኛው ግጥሚያ በጥር 1974 ሲደረግ ፍሬዘር ከአንድ ዓመት በፊት በኪንግስተን ጃማይካ በጆርጅ ፎርማን ስድስት ጊዜ ወድቆ የተነሳ ሰው ነበር። ዓሊ በ12 ዙር በነጥብ አሸነፈ፤ ይገባዋል። ግን ያንን ፊልም ያየ ሰው ዓሊ የፍሬዘርን አንገት እያቀፈ፣ ወደ ታች እየተጫነ ስንት ጊዜ ጥቃቱን እንዳከሸፈ ይመሰክራል። ቡጢኛው ሲጠጋው አቅፎ ማስቀረት ብልሃት ነው እንጂ የቡጢ ብልጫ አይደለም።

ሦስተኛው ማኒላ ነው፤ ጥቅምት 1 ቀን 1975። ለአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲመች ተብሎ ረፋድ ላይ፣ በዚያ የፊሊፒንስ ሙቀት ውስጥ ተጋጠሙ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ዓሊ ወሰደ፤ መካከለኞቹን ፍሬዘር ወሰደ፤ መጨረሻ ላይ ዓሊ ተመልሶ መጣ። ፍሬዘር በኋላ በግለ ታሪኩ እንደገለጸው የግራ ዓይኑ ከዱሮም ደካማ ነበር። የቀኙ ደግሞ በቡጢ አብጦ ተዘጋ። ስለዚህ በ14ኛው ዙር የዓሊ ቀኝ እጅ ከየት እንደሚመጣ ሳያይ እየተመታ ነበር፤ ግን አልወደቀም። ኤዲ ፉች ሰው በቡጢ ሲሞት ያዩ ሰው ነበሩ። 15ኛው ዙር ሊጀመር ሲል አስቆሙት። ፍሬዘር እየለመናቸው፣ ተቀመጥ፣ ዛሬ እዚህ የሠራኸውን ማንም አይረሳውም አሉት ይባላል። ነጥቡ በሦስቱም ዳኞች ዘንድ የዓሊ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። ዓሊ ግን ድሉ ሲነገርለት ተነሳና ወዲያው መድረኩ ላይ ተዘረጋ። ሞትን የቀረብኩበት ጊዜ ይህ ነው ብሎ የተናገረውም ራሱ ነው።

ፉች ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ግን በአንድ ነገር ተሳስተዋል። ረስተነዋል። የእኔን ጸጉር ቤት መጥተው ባዩ!

ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ ነው፤ «ፎርማን ፍሬዘርን በሁለት ዙር አደቀቀው፤ ዓሊ ደግሞ ያንን ፎርማን በ1974 ኪንሻሳ ላይ በ8ኛው ዙር ዘረረው፤ ስለዚህ ዓሊ ይበልጣል።» ይህ ክርክር ላዩ ሲታይ ያማረ ነው። ግን እስቲ ገመዱን ትንሽ እንሳበው። ኬን ኖርተን በ1973 የዓሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈው። ያንን ኖርተን ፎርማን በ1974 በሁለት ዙር ዘረረው። ፎርማንን ዓሊ ዘረረው። እንግዲህ ኖርተን ከዓሊ፣ ዓሊ ከፎርማን፣ ፎርማን ከኖርተን ይበልጣል ልንል ነው? ክብ ነው፤ ጫፍ የለውም። ቡጢ እንደ መሰላል አይደለም። አንዱ የአጋጠም ስልት ለሌላው ይመቻል ወይም አይመችም። ስለዚህ የዓሊና የፍሬዘርን ነገር በፎርማን በኩል ዞረን ልንፈርድ አንችልም። ፊት ለፊት የቆሙት እነሱ ናቸው፤ ፍርዱም መምጣት ያለበት ከዚያው ነው።

ከዚያ ከመጣ ደግሞ ሒሳቡ ይህ ነው። 15፣ 12፣ 14፤ ድምሩ 41 ዙር። በ41 ዙር ውስጥ ከሁለቱ አንዱ በቡጢ ተመትቶ ወደቀ ተብሎ የተቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የወደቀውም ዓሊ ነው። በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር አጭሩ፣ በ13 ሴንቲ ሜትር ክንደ አጭሩ፣ ግራ ክንዱ የማይዘረጋው፣ ግራ ዓይኑ የማያይለት ሰው የክፍለ ዘመኑን ታላቅ ቡጢኛ ሁሉም ነገር ሚዛን ላይ በተቀመጠባት፣ ሁለቱም ባልተሸነፉባት በዚያች አንዲት ሌሊት መትቶ ጣለው። ያ ታላቅ ሰው ግን አፀፋውን መጣል አልቻለም። ይህ ብልጫ ካልሆነ ብልጫ ማለት ምን ማለት ነው?

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ለምን ዓሊን መረጥን? መልሱን የአገራችን ተረት ቀድሞ ነግሮናል። «አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?» ብትባል ልጅቱ አፍ ያለውን መረጠች ይባላል። እኛም እንደ ልጅቱ ነን። ዓሊ ግጥም ይገጥማል፣ ይተነብያል፣ ይቀልዳል፣ ጋዜጠኛውን ያስቃል። ፍሬዘር አጭር ቃል ተናግሮ ወደ ልምምዱ ይሄዳል። ለእኛ ለጋዜጠኞች አፍ ያለው ሰው እንጀራ ነው፤ ገጹን ይሞላልናል። ዝምተኛውን ግን እኛው መሙላት ይኖርብናል፤ እኛም በሌላው ሰው ስድብ ሞላነው።

የስድቡ ነገር ሲነሳ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላል ያገራችን ሰው። የዓሊ ግን ያመለጠ አፍ አልነበረም፤ የታሰበበት ነው። ያ በክፉ ቀኑ ገንዘብ የሰጠውን ሰው «አንክል ቶም» አለው፤ የነጭ አሽከር፣ ወገኑን የከዳ ጥቁር ማለት ነው። ይህን ያለው ከተማ ያደገው የሠዓሊ ልጅ ነው፤ የተባለው ደግሞ ከእርሻ ተሰዶ ቄራ የሠራው የአንድ እጅ ገበሬ ልጅ። በ1974 በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ መሃይም አለው፤ ፍሬዘር ከወንበሩ ተነሳ፣ ተያያዙ። በ1975 ከማኒላ ጋር ቤት ስለሚመታለት ጎሪላ አለው፤ ትንሽ የጎማ ጎሪላ ይዞ በጋዜጠኞች ፊት በቡጢ እየደበደበ አሳቀን። ጥቁር ሕዝብ ለዘመናት ሲሰደብበት የኖረውን ስድብ ነው ለጥቁር ወንድሙ የወረወረው። ነጭ ቢለው ኖሮ ዓለም በጮኸ ነበር። ዓሊ ስላለው ግን ቀልድ ሆነ። የፍሬዘር ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ በዚያ ቃል ተሰደቡ። እነሱ ምን አጠፉ?

«ቲኬት ለመሸጥ ነው፤ ንግድ ነው» የሚል መከራከሪያ አለ። ይሁን። ግን በ1971 ለመሸጥ ስድብ ያስፈልግ ነበር? ሁለት ያልተሸነፉ ሻምፒዮኖች! ቲኬቱ በራሱ ይሸጥ ነበር። ደግሞስ አንድ ሰው መንግሥትን እምቢ ለማለት ድፍረት ስላገኘ፣ ወዳጁን እንዲያዋርድ ፈቃድ ተሰጠው ማለት ነው? የዓሊን እምቢታ የምናከብረው ለሰው ልጅ ክብር የቆመ ስለመሰለን ነው። ፍሬዘርስ ሰው አልነበረም?

እኔ በልጅነቴ ሰፈራችን ባለው ቪዲዮ ቤት «ሮኪ»ን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ጀግናው ቄራ ገብቶ የተንጠለጠለ የበሬ ሥጋ በቡጢ ሲነርት እናጨበጭብ ነበር። ያንን የሚሠራው ፍሬዘር እንደነበረ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፊልሙ በ1976 ሲወጣ ፍሬዘር ራሱ ለአፍታ ብቅ ብሎ ይታያል፤ በገዛ ሕይወቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ማለት ነው። በፊላደልፊያ ከተማ ለሮኪ፣ ላልነበረው ሰው፣ ሐውልት ቆመለት፤ ቱሪስት አብሮት ፎቶ ይነሳል። ለነበረው ሰው ሐውልት የቆመው በ2015 ነው፤ ከሞተ አራት ዓመት ቆይቶ። እሱ ግን በሕይወቱ ሳለ በዚያው ከተማ ከቡጢ ማሠልጠኛው ፎቅ ላይ ይኖር ነበር፤ በ2008 ማሠልጠኛውም ተዘጋ።

ፍሬዘርን መልአክ ላደርገው አልፈልግም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ነውና ቂም ያዘ፤ ቂሙም አበላሸው። በ1996 አትላንታ ላይ ዓሊ በፓርኪንሰን በሽታ በሚንቀጠቀጥ እጁ የኦሊምፒክ ችቦ ሲለኩስ ዓለም አለቀሰ። ፍሬዘር ግን ብችል ገፍቼ እሳቱ ውስጥ በጨመርኩት የሚል ቃል ተናገረ። ክፉ ቃል ነው፤ በበሽተኛ ላይ መነገር አልነበረበትም። ግን ልብ በሉ፤ ያንን አንዱን ቃል ሁላችንም መዘገብነው፤ ያቺን ቃል የወለዱትን ሃያ አምስት ዓመታት ግን የመዘገበ ጥቂት ነው። በ2001 ዓሊ በጋዜጣ አማካይነት ይቅርታ ጠየቀ፤ በግጥሚያው ግለት መባል የማይገባውን ብያለሁ አለ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በኅዳር 2011፣ ፍሬዘር በ67 ዓመቱ በጉበት ካንሰር ሞተ። ዓሊ ታሞ፣ ደክሞ፣ ፊላደልፊያ ለቀብሩ መጣ። ቄስ ጄሲ ጃክሰን ለቀስተኞቹ ተነስታችሁ አጨብጭቡለት ባሉ ጊዜ ዓሊም ተነስቶ አጨበጨበ። እንግዲህ አንደበቱ በበሽታ በተያዘበት ዕድሜ፣ በእጁ የመሰከረው ይህን ነው። ከነግጥሞቹ ሁሉ ይህ ጭብጨባ ይበልጥብኛል።

እኔም እንደ ዓሊ ይቅርታዬን የምጠይቀው በወረቀት ላይ ነው፤ ሌላ መንገድ የለኝም። የተሳሳተ ርዕስ ያወጣ ጋዜጠኛ እርማት የማውጣት ግዴታ አለበት። የእኔ እርማት ዓመታት ዘገየ፤ ርዕሱ በወጣበት ጋዜጣም ላይ አይደለም የወጣው። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ያ ቃል እንደገና ሲነገር ስሰማ ግን፣ ከሳቁ ውስጥ የእኔም ድርሻ እንዳለበት ገባኝ። ስማችንን ያላወቅነውን ሰው ስድቡን ብቻ ካወቅንለት፣ ያንን ያስተማረን አንድ ሰው አለ፤ ከአስተማሪዎቹም አንዱ እኔ ነበርኩ።

ለጸጉር አስተካካዩ ወጣት በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ሌላ ፎቶግራፍ ይዤለት እሄዳለሁ። የመጋቢት 1971ዱን፤ ዓሊ በጀርባው ወድቆ፣ እግሮቹ ወደ ላይ ሲነሱ፣ ፍሬዘር ደግሞ ሳይጮኽ፣ ክንዱን ሳያሳይ፣ ወደ ጥጉ ሲያፈገፍግ የሚታይበትን። የሊስተኑን አንሳው አልለውም። ከጎኑ ለጥፈው ብቻ ነው የምለው።

ጋሼ፣ የት እንዳሉ አላውቅም። ይህ መጽሔት እጅዎ ይግባ አይግባ አላውቅም። ዓሊ ፍሬዘርን የዘረረው መቼ ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ተመልክቻለሁ። ሦስቱንም ግጥሚያ፣ አርባ አንዱንም ዙር።

አንድም ቀን አልዘረረውም።